ዝናብ ሳይዘንብ የረጠበ ስንዴ

በግንቦት 1966 አንድ ጠዋት የቆቦ የእርዳታ መጋዘን በር ሲከፈት፣ ከሁሉ ቀድሞ የወጣው ሽታው ነበር።

የላይኞቹ ጆንያዎች ደረቅ ነበሩ። ተሸካሚዎቹ እያወረዱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ግን ጆንያው በእጃቸው ላይ ተተረተረ። ስንዴው ጠቁሯል፤ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ እዚህም እዚያም ነጭ ቡቃያ አውጥቷል። አንዱ ተሸካሚ ከቡቃያው ነቅሎ ብርሃን ላይ ያዘውና ሳቀ። ወዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። በራያ ቆላ አንድ ነገር በቅሎ ካየ ብዙ ጊዜው ነበር።

ደጅ ሲጠብቁ የነበሩት የረሃብተኞች መጠለያ ሰዎች ጣሳቸውን እንደያዙ ቆሙ።

ከቀትር በፊት የመጋዘኑ ዘበኛ አራጌ ታሰረ። በማግስቱ መርማሪው መቶ አለቃ ካሳው በላንድሮቨር ከደሴ ደረሰ። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ሚኒስትሮች ወርደው ሌሎች ተሹመው ነበርና፣ ደሴ ያሉት አለቆቹ ስለ ረሃቡ ተጨማሪ ወሬ እንዲነሳ አልፈለጉም። «ጥፋተኛው ተይዟል፤ ቃሉን ተቀብለህ፣ ኤግዚቢቱን ይዘህ ተመለስ» ብለው ነበር የላኩት።

ካሳው ቃል ከመቀበሉ በፊት መጋዘኑን ለማየት ፈለገ። የሚያስጎበኘው የቆቦው አስር አለቃ ታሂር ነበር።

«ነገሩ ቀላል ነው፣ መቶ አለቃ» አለ ታሂር አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ። «ዘበኛው ስንዴ ይሰርቃል። ጉድለቱ ሚዛን ላይ እንዳይታወቅ የቀረው ላይ ውሃ ያርከፈክፋል። የረጠበ እህል ይከብዳላ! የጥንት የእህል ነጋዴ ዘዴ ነው። አጎቴም ይሠሩበት ነበር፤ አላህ ይማራቸው።»

«ከላይ ካርከፈከፈ፣ የላይኛው ለምን ደረቀ?»

ታሂር ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ቆርቆሮው አዲስ ነበር፤ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብርሃን እንኳ አያሳይም። «እንግዲህ ይሄን እንዲነግሩን ነው ከደሴ ድረስ ያስመጣንዎት።»

«ውሃውንስ ከየት አገኘው?»

«እሱ ነው የቸገረኝ። ሴቶቹ ለአንድ እንስራ ከሌሊት ጀምረው ይሰለፋሉ። ወላሂ፣ በዚህ አገር ስንዴ ከመስረቅ ውሃ መስረቅ ይከብዳል።»

ካሳው ጎንበስ ብሎ ወለሉን በእጁ ዳሰሰ። ሲሚንቶው ጠቁሮ ይቀዘቅዛል፤ ቦታ ቦታ ላይ ደግሞ የጨው ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር አውጥቷል። በሩ አጠገብ ካለው ማዕዘን ሲደርስ ግን ወለሉ ነጣ፤ ሞቀ። እዚያ የተደረደሩት ጆንያዎች እስከ ታች ድረስ ደህና ነበሩ።

በሩ ላይ አንዲት ሴት እንስራ አዝላ ቆማ ታየዋለች። ወገቧን ያሰረችው በጆንያ ክር ነው።

«ያውልዎ ሌላ የስርቆት ምልክት» ሲል ሹክ አለ ታሂር። «ዘነበች ትባላለች። መጋዘኑ ሲሠራ ለግንበኞቹ ውሃ ታመላልስ ነበር። አሁን ለመጠለያው ወጥ ቤት ትቀዳለች።»

«እህቴ፣ ክሩን ከየት አገኘሽው?» አላት ካሳው።

«ከተጣለ ጆንያ ፈትቼ ነው፣ ጌታው። መስረቅ ከሆነ ክር ሰርቄአለሁ።»

«መቀነት የለሽም?»

«ነበረኝ። ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለሚያስፈልገው» ብላ እንስራዋን አስተካክላ ሄደች።

*

አራጌ በጣቢያው እስር ቤት ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። እድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሥጋው ግን ከትከሻው ላይ የሄደ ሰው ነው።

«ስንዴ ሰርቀሃል?»

«አልሰረቅሁም።»

«ውሃ አፍስሰህበታል?»

«ውሃ ባገኝ እጠጣው ነበር።»

«ታዲያ በምን ረጠበ?»

አራጌ ቀና ብሎ «ወለሉን ልታፈርሱት ነው?» ሲል ጠየቀ።

ካሳው ብዕሩን አስቀመጠ። ስለ ወለሉ ያነሳ ሰው አልነበረም።

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«እንዲያው ነው። አዲስ ነው ብዬ።» ከዚያ መርማሪውን ትክ ብሎ አየው። «ሚስት አለዎት፣ መቶ አለቃ?»

«ነበረችኝ።»

«እንግዲያው እሰሩኝና ይብቃ። የምለው የለኝም።»

«በረሃብ ዘመን የእርዳታ እህል ያበላሸ ሰው ምን እንደሚፈረድበት ታውቃለህ? ከዚያ በሕይወት አትወጣም።»

«ከመጠለያውም ብዙ ሰው በሕይወት አልወጣም» አለ አራጌ።

*

ካሳው መኝታ ክፍሉ በር ላይ የተንጠለጠለውን የዝናብ ካፖርቱን ሲያይ ነገሩ መጣለት። ከደሴ ሲነሳ በልማድ ይዞት ነበር፤ ቆቦ ሲደርስ የጣቢያው ፖሊሶች ስቀውበታል። በልጅነቱ ደሴ እናቱ ቁርበቱን ጠዋት ጠዋት ከወለሉ ላይ ሲያነሱ ከሥሩ የሚረጥበውን መሬት አስታወሰ። «መሬት ሌሊት ትተነፍሳለች» ይሉ ነበር።

ወደ መጋዘኑ ተመልሶ ካፖርቱን በጠቆረው ወለል ላይ ዘረጋው፤ ጠርዙን ዙሪያውን በድንጋይ ተጫነው። ከታሂር የተዋሰውን ሌላ ካፖርት ደግሞ በሩ አጠገብ በደረቀው ማዕዘን ላይ ዘረጋ።

«አሁን ምንድነው የምንጠብቀው?» አለ ታሂር።

«ዝናብ።»

«ከታች?»

«ከታች።»

ታሂር ሳቀ። በማግስቱ ጠዋት ካሳው የራሱን ካፖርት ሲገለብጠው ግን ሳቁ ጠፋ። የካፖርቱ ሆድ በጤዛ ተሸፍኖ፣ ጠብታዎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ወረዱ። የታሂር ካፖርት ደረቅ ነበር።

«ያ አላህ!» አለ ታሂር ጣቱን ጠብታው ላይ አሳርፎ። «ከዚህ ደረቅ ምድር?»

«ስንዴውን ያረጠበው ማንም አይደለም። መሬቱ ነው» አለ ካሳው። «በዚህኛው ጥግ ግን የከለከለው ነገር አለ። ዶማና መዶሻ አምጡ።»

ደረቁን ማዕዘን ሲሰብሩት ከሲሚንቶው ሥር ጥቁር ወፍራም ላስቲክ ወጣ። ከዚያ ወደ መሀል እየሰበሩ ሲሄዱ ላስቲኩ ድንገት አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ጠጠር ብቻ ነበር። ጠጠሩ እርጥብ ነው። ካሳው በርከክ ብሎ የላስቲኩን ጠርዝ አየ። አልተቀደደም፤ በስለት ተቆርጧል። ቁርጡ ግን አንድ መስመር አልያዘም። እንደ ደረጃ ገባ ወጣ ይላል፤ አንዱ ጋ ረጅም ተቆርጦ ከጎኑ አጭር፣ ቀጥሎ ደግሞ ረጅም።

«ሌባው ሰክሮ ነበር እንዴ?» አለ ታሂር።

ካሳው የቀረውን ቁራጭ ጠቅልሎ ላንድሮቨሩ ውስጥ አስገባው።

*

ወለሉን ያፈሰሰው ፎርማን ጋሹ፣ ሮቢት ከተማ ላይ የአንድ ነጋዴ ቤት ሲገነባ ተገኘ። ላስቲኩን ሲያይ ተቀመጠ።

«ሸጥከው?»

«ኧረ በሚካኤል! እኔ ግንበኛ እንጂ ነጋዴ አይደለሁም።»

«እንግዲያስ ከወለሉ ሥር የት ሄደ?»

ጋሹ እጁ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ ፈቀፈቀ። «የገና ዋዜማ ጠጠሩን ደልድለን ላስቲኩን አነጠፍነው። መሐንዲሱ አየ፣ ደህና ነው ብሎ ወደ ወልዲያ ሄደ። ሠራተኛው ለበዓል ተበተነ። በዓሉ አልፎ ስመጣ ላስቲኩ የለም፤ የግድግዳው ድንጋይ የተጫነው ጥግ ብቻ ቀርቷል።»

«አራጌን አልጠየቅኸውም?»

«ጠየቅሁት። ‹አላየሁም› አለኝ። መሐንዲሱ ቢሰማ ከሥራ ያባርረኛል፤ ሌላ ላስቲክ ከደሴ እስኪመጣ ደግሞ ስንዴው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ... አፈሰስሁበት።» ቀና አለ። «መቶ አለቃ፣ እስቲ ይፍረዱ። ይሄ ሜዳ ውሃ ያወጣል ብሎ ማን ያስባል? ምድር ውሃ ቢኖራት እኛ እንዲህ እንሆን ነበር?»

«ላስቲኩ ለምን እንደሚነጠፍ ለሠራተኞቹ ነግረሃቸው ነበር?»

«አንዷ ውሃ አመላላሽ ጠይቃኝ ነበር መሰለኝ። ‹መሬቱ ተጠምቷል፤ የሲሚንቶውን ውሃ እንዳይጠጣብን ነው› አልኋት። እሱም እውነት ነው። ውሃ ከታች ይመጣል የሚለውን መሐንዲሱ ሲናገር እኔ ራሴ በጆሮዬ አሳለፍሁት።» ትንሽ አሰበ። «አንድ ነገር ግን ገርሞኝ ነበር። ጠጠሩ ረጥቦ ጠበቀኝ። እኔ ሳላዝ አንድ ሰው አጠጥቶታል።»

ካሳው በመመለሻው መንገድ ሁሉ ይህን አብሰለሰለው። ላስቲክ ወስዶ በምትኩ ውሃ የሚያፈስ ሌባ አይቶ አያውቅም፤ ያውም ውሃ በጠፋበት አገር።

*

ታሂር ግን የዋጃውን ነጋዴ ሀጂ ሙሀመድሰይድን ነበር የጠረጠረው። ከአፋር የሚመጣውን የጨው ጭነት በጥቁር ላስቲክ እንደሚሸፍኑ የማያውቅ የለም። ሀጂውን ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው።

«እንዴት ዋሉ፣ ሀጂ?»

«አልሀምዱሊላህ። ታሂር፣ አንተ ደግሞ ፖሊስ ሆንህ አሉ? አባትህ ፍየል ሲጠብቅም ይጠፋበት ነበር።»

ታሂር ጉሮሮውን ጠረገ። ካሳው ቁራጩን ዘረጋ። ሀጂው ላስቲኩን በሁለት ጣታቸው አሽተው ውፍረቱን ለኩ።

«የእኔ ከዚህ ይሳሳል። ሂዱና ግመሎቹ ላይ እዩት።» ጠርዙን ሲያዩ ግን እጃቸውን በቁርጡ ላይ እያሳረፉ ከረጅሙ ወደ አጭሩ፣ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ሄዱ።

«ሊሸጥ የሰረቀ ሰው እንዲህ አይቆርጥም፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ጨርቅም እሸጣለሁ። ዘንድሮ ጨርቅ ሲገዙ እንዲህ ነው የሚያስቆርጡኝ። ለትልቁ ረዘም፣ ለትንሹ አጠር።»

«ለልብስ?»

«ለከፈን» አሉ ሀጂው።

ዋጃን ለቀው ሲወጡ ካሳው ጠጠሩ ላይ የፈሰሰውን ውሃና መቀነቷን ‹ለሚያስፈልገው› የሰጠችውን ውሃ አመላላሽ አንድ ላይ አሰበ።

*

ዘነበችን ያገኟት ከመጠለያው በስተ ምሥራቅ፣ ሙታን የሚቀበሩበት ረጅም ጉድጓድ አጠገብ ነው። ጉድጓዱ በክረምቱ ማግስት በእርዳታ ኮሚቴው ትእዛዝ የተቆፈረ ነበር፤ እየሞላ ሲሄድ በአንድ በኩል ይደፈናል፣ በሌላ በኩል ይረዝማል። እሷ የተቀመጠችው ከድሮው በኩል፣ አንድ የቁልቋል ዛፍ ሥር ነው። ከፊት ለፊቷ የዞብል ተራራ ይታያል። ባዶ እንስራዋ አጠገቧ ጋደም ብሏል።

ካሳው ታሂርን ወደ ኋላ አስቀርቶ መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

«ጠጠሩን ያጠጣሽው አንቺ ነሽ» አላት።

ወደ እሱ አልዞረችም። «አራጌ ነገረዎት?»

«አራጌ አንድ ቃል አልተናገረም። ስንዴውን እኔ አረጠብኩ እንዳለ ተቆጥሮ ሊፈረድበት ነው።»

ይሄኔ ዞረች። «አራጌ? ስንዴውን? ያን ያደረገው እሱ ብቻውን መቼ ሆነና... እኔ ጆንያ ሰርቋል ብለው ይዘውት ኋላ ይለቁታል ብዬ ነበር።»

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ እህቴ።»

«ባሌ ጌታሁን ይባላል። አገራችን ከዚያ ተራራ ላይ ነው፤ አባቱም አያቱም የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ጥሩ ቀን ከዚህ ይታያል። ወደዚህ ስንወርድ ‹ብሞት እዚያው መልሽኝ› አለኝ። የገና ዕለት ሞተ። የምሸከምበት ጉልበት የለኝም፤ የሚሸከምልኝ ሰው የለኝም። እዚህ ጉድጓድ ሰውን በላይ በላዩ ነው የሚያስገቡት። ክርስቲያኑ እስላሙ፣ ትልቁ ትንሹ። ሬሳ የሚጠቀለልበት ሰሌንም ጠፍቷል። ‹አንድ ቀን ዝናብ ዘንቦ፣ ሰው ሆኜ፣ አጥንቱን ልውሰድ ብል ከማን ልለየው?› አልሁ። ያን ላስቲክ ሲነጠፍ አይቼው ነበር። መሬት የማያልፈው ነገር ነው ብለዋል።»

«አራጌ ፈቀደልሽ?»

«እየለመንሁት ሳለ ራቢዓ የሞተ ልጇን ታቅፋ መጣች። ሌሎችም ሰሙ። አራጌ ቁልፉን ይዞ ብዙ ቆመ። በመጨረሻ ‹ለየሺም ቁረጡልኝ› አለ። የሺ ሚስቱ ናት፤ በዋዜማው ሌሊት ነበር ያረፈችው፤ ገና አልቀበራትም ነበር። በማጭድ ቆረጥነው። ሰውየውን እያየን፣ በቁመቱ።»

«ውሃውስ?»

«ፎርማኑ ‹መሬቱ ተጠምቷል› ብሎኝ ነበር። እኛም የዚያን ዕለት የቀዳነውን ሳንቀምስ ጠጠሩ ላይ አፈሰስነው። መሬቱ ከጠጣ ሲሚንቶውን ይተዋል ብለን። የወሰድነውን የከፈልን መስሎን ነበር፣ ጌታው። ስንዴው ላይ ምን አደረግን?»

ካሳው ሊዋሻት ይችል ነበር። «ላስቲኩ የተነጠፈው ውሃ ከላይ ወደ ታች እንዳይሄድ ብቻ አይደለም። ከታች ወደ ላይም እንዳይመጣ ነው። ስንዴውን ያበሰበሰው የምድር ውሃ ነው።»

«የምን ውሃ?»

«እዚህ ሜዳ ሥር ውሃ አለ። ብዙም ሩቅ አይደለም።»

ለረጅም ጊዜ መሬቱን አየች። በመዳፏ ነካችው።

«ጌታሁን ሲሞት ‹ውሃ› እያለ ነበር» አለች። «እኔ ወረፋ ላይ ነበርሁ።»

ነፋሱ ከሜዳው አቧራ አንስቶ አለፈ። ካሳው ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እኔን እሰሩኝ» አለች በመጨረሻ። «እህሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ኃጢአቱን እሸከመዋለሁ። አራጌን ፍቱት። ጉድጓዱን ግን አትክፈቱ። ላስቲኩን ከላያቸው ከገፈፋችሁ ማን ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።»

ደሴ ያሉት አለቆቹ ያሉትን አስታወሰ። ኤግዚቢቱ ከእግሩ ሥር ነበር።

«ባልሽን በምን ትለይዋለሽ? ላስቲኩ ሁሉም ጥቁር ነው።»

«በመቀነቴ አስሬዋለሁ። ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ሠርጌ ዕለት የታጠቅሁት።»

ካሳው የጆንያውን ክር አየ። ስለ ራሱ መናገር አይወድም፤ ግን ተናገረ።

«ሚስቴ ቆንጅት ትባል ነበር። ደሴ ስትሞት እኔ ኦጋዴን ነበርሁ። ስመለስ ቄሱ ሁለት ጉብታ አሳዩኝ። ‹ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ያን ቀን ብዙ ሰው ቀብረናል› አሉኝ።»

«ታዲያ እንዴት ያደርጋሉ?»

«መሀላቸው እቆማለሁ» አለ።

*

ሪፖርቱን በቆቦ ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ጻፈው። ስንዴው ከወለሉ ሥር በመጣ እርጥበት እንደተበላሸ፣ ዘበኛው ውሃ እንዳላፈሰሰ፣ ፎርማኑ ላስቲኩ መጥፋቱን እያወቀ ሲሚንቶ እንዳፈሰሰና ለአለቆቹ እንዳላስታወቀ። ኤግዚቢት፦ ከወለሉ ማዕዘን የተገኘ አንድ ቁራጭ።

ታሂር ከትከሻው በላይ አነበበ። «ላስቲኩን ማን ወሰደው ብለው ቢጠይቁስ?»

«ማንነቱ ያልታወቀ ሰው።»

ታሂር በመስኮቱ ወደ ዞብል አየ። «ወላሂ፣ እኔም አላውቀውም።»

ጋሹ ቃሉን ለመስጠት ተጠርቶ ሲመጣ ሪፖርቱ ተነበበለት። «እኔ ብቻ?» አለ። ካሳው አይኑን አልሸሸበትም። አፈሰስሁ ያለው ራሱ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ የሚፈረድበት ሰው እሱ ብቻ መሆኑ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነስቶታል።

አራጌ እንደተፈታ ዶማ ጠየቀ። መጋዘኑ ጎን፣ ወለሉ ይበልጥ ከጠቆረበት በኩል፣ መቆፈር ጀመረ። የመጠለያው ሰዎች መጀመሪያ ያበደ መስሏቸው ቆመው አዩት። ከዚያ አንዱ ገባ፣ ሌላው ገባ። ካሳው ለመሄድ ሲነሳ ሰዎቹ ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ደረታቸው ወርደዋል፤ ወደ ላይ የሚወረውሩት አፈር ጠቁሮ ይጣበቃል። ራቢዓ አንድ ጭብጥ አንስታ ጉንጯ ላይ ያዘችው።

ካሳው የዝናብ ካፖርቱን ከላንድሮቨሩ አውጥቶ ለአራጌ ሰጠው። ሊንቀሳቀስ ሲል ዘነበች እንስራዋን እንዳዘለች በመስኮቱ በኩል መጣች።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቂኝ።»

«ላስቲኩ ከታች የሚመጣውን ውሃ ያስቀረዋል ብለውኛል።»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጌታሁን ጋም አይደርስም ማለት ነው?»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋው። ካሳው በዚህ ጉዳይ ላይ ስለ ላስቲክ የሚያውቀውን ሁሉ አስታወሰ፤ የካፖርቱን ጤዛ፣ ደረቁን ማዕዘን፣ በገዛ እጁ የጻፈውን ሪፖርት።

«መቀነቱን ቋጥረሽዋል ወይስ ሰፍተሽዋል?»

«ቋጥሬው ነው።»

«ቋጠሮ አይገጥምም» አላት። «በእሱ በኩል ይገባል።»

«ይገባል?»

«ጥቂት ጥቂት ይገባል።»

ራሷን ነቀነቀች። የወገቧን ክር ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ወደሚቆፍሩት ሰዎች ሄደች።